በጠራራ ፀሐይ የሚበራ መብራት

በረሃውን ለማየት የሚመጣ ሰው ሁሉ በሩ ላይ ሲደርስ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው መብራቱ ላይ ነው። ረጅም የብረት ምሰሶ ጫፍ ላይ የተሰቀለ፣ አቧራ የጠገበ መብራት በጠራራ ፀሐይ ቦግ ብሎ ይበራል። ከከተማ የመጡ ወጣቶች እየተጠቃቀሱ ይሳሳቃሉ። ደፈር ያለው አንዱ ወደ ቲኬት ቤቱ መስኮት ጠጋ ይልና፣ «እማማ፣ መብራቱ እኮ በርቷል፤ ረስተውት ነው?» ይላል።

«አልረሳሁትም» ትላለች ሴትየዋ ቲኬቱን እየቀደደች። «አንድ ያልወጣ ሰው አለ።»

ይሄኔ ሳቁ ቀጥ ይላል። ዞር ብለው ያንን ማለቂያ የሌለው አሸዋና አለት ያያሉ፤ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ፤ ጠርሙሱን ያልሞላ ካለ ሄዶ ይሞላል። ሰው እንዲህ ነው፤ ሌላው ጠፋ ሲባል ነው የራሱ ውሃ ትዝ የሚለው። ከዚያ ይገባሉ። እሷም ወደ ውጭ ብቅ ብላ አረማመዳቸውን አንድ በአንድ እያየች ትሸኛቸዋለች።

ስሟን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። ሠራተኛውም ጎብኚውም «እማማ አሸዋ» ይላታል፤ ይህ ስም የወጣላትም በሥራዋ ነው። በረሃው የተከለለ ነው። ቤት አይሠራበትም፣ መኪና አይገባበትም፤ ሰው በእግሩ ገብቶ፣ አለት ወጥቶ፣ ድንኳን ተክሎ አድሮ፣ ፎቶውን አንስቶ የሚወጣበት ቦታ ነው። መግቢያውም መውጫውም አንድ በር ነው። ከበሩ አለፍ ሲሉ መንገዱ በሁለት ትልልቅ አለቶች መካከል ይጠብና መሬቱ ደቃቅ አሸዋ ይሆናል። እማማ አሸዋ በየማለዳው፣ ማንም ሳይገባ፣ አሮጌ የመኪና ጎማ ላይ ድንጋይ ጭና በገመድ እየጎተተች ያንን አሸዋ ትደለድለዋለች። ማታም የመጨረሻው ሰው ሲወጣ እንደዚያው። እንግዲህ የገባም የወጣም ዱካውን ሳይተው አያልፍም። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ጎንበስ ብላ ታየዋለች፤ ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ማን ቀረ፣ ሁሉንም ከዚያ ታውቃለች።

«ይህ ብቻ መስሎህ!» ይል ነበር የጥበቃው አለቃ፣ ፂሙ የሸበተ ቀልደኛ ሰውዬ። «ባልና ሚስት ተኳርፈው መውጣታቸውንም ትነግርሃለች።» እውነቱን ነው። ጎን ለጎን ገብተው፣ ሲወጡ አንዱ የመንገዱን ቀኝ ሌላው ግራውን የያዙ ጥንዶች ዱካ አይታ «እነዚህስ መኪና ውስጥም አይነጋገሩ» ብላለች። ተራራው ጫፍ ደርሼ መጣሁ ብሎ ደረቱን የነፋ አንድ ጎረምሳም ነበር። «ልጄ፣ የደከመው እግር እንዲህ አይረግጥም። አንተ ጥላ ስር ተኝተህ ነው የመጣኸው» ስትለው ጓደኞቹ በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለሉ።

ሙያው የአባቷ ነው። አባቷ የጠፋ ከብት ፈላጊ ነበሩ፤ የሰው ሰንጋ ሲጠፋ የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ። «ጫማ አትዪ፣ እግር እዪ» ይሏት ነበር። «ጫማ ይገዛል፣ ይሸጣል፣ ይሰረቃል። እግር ግን ከባለቤቱ ጋር ተወልዶ ከባለቤቱ ጋር ነው የሚቀበረው።» እሷም አዲስ ጥበቃ በተቀጠረ ቁጥር ይህንኑ ታስተምራለች። የጫማ ምልክት ብቻ አይቶ «ይሄ እገሌ ነው» የሚለውን፣ «ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ» እያለች ታበሽቀዋለች።

ሁለተኛው ሥራዋ መብራቱ ነው። በረሃው ውስጥ ሰው ካለ መብራቱ ይበራል፤ ሰው ከሌለ ይጠፋል። የበሩ ሕግ ይኸው ነው። ማጥፋቱ የንፉግነት አይደለም፤ በፀሐይ የሚሞላው ባትሪ አርጅቷል፤ ዛሬ በከንቱ ሲበራ ካደረ ነገ ለቸገረው አይደርስለትም። በበሩና በበረሃው መካከል ደግሞ ተረተሮች ተደርድረዋል፤ በጨለማ አንዱን ከአንዱ የሚለይ ሰው የለም። ከሁሉም ወደ በሩ የሚቀርበው ተረተር ላይ የወጣ ሰው ግን መብራቱን ፊት ለፊት ያገኘዋል። ስለዚህ መንገድ መሪዎች ለጎብኚ የሚሰጡት ምክር አጭር ነው። «ከመሸባችሁ ተረተር ላይ ውጡ። መብራት ካያችሁ ወደ መብራቱ ኑ። ካላያችሁ ተረተሩ የኛ አይደለም፤ ወርዳችሁ ሌላ ፈልጉ።» ይህን ምክር ሰምቶ በረሃው ውስጥ የቀረ ሰው አልነበረም።

አንድ ልጅ ነበራት። አባትየው የውሃ መኪና ሾፌር ነበር፤ ልጁ ገና ዳዴ ሲል አባትየው ታሞ ሞተ። ከዚያ ወዲህ እናትና ልጅ ከቲኬት ቤቱ ጀርባ ባሉት ሁለት ክፍሎች ኖሩ። በአንደኛው ሁለት አልጋና የልብስ ሳጥን፣ በሌላው ቡታጋዝ፣ የጎብኚ ውሃ የሚቀዘቅዝበት ፍሪጅና እግራቸው የተሰበረ የፕላስቲክ ወንበሮች። ልጁ በልጅነቱ ከውሃ ታንከሩ መሰላል ላይ ወድቆ ግራ እግሩ ተሰበረ፤ ሲድንም ወደ ውጭ ዞሮ ዳነ። አሸዋ ላይ ሲሄድ ቀኙ ቀጥ ብሎ ይረግጣል፣ ግራው ወደ ጎን ይሸሻል። «ሸፋፋው» ትለው ነበር እናቱ፣ ስትቆጣም ስትቀልድም። እሱም አይቀየማትም። «እኔ ሸፋፋ ባልሆን አንቺ በምን ታውቂኝ ነበር?» ይላታል።

አድጎ መንገድ መሪ ሆነ። ጎብኚ ወደደው፤ ምክንያቱም የሰው ችግር አይቶ ማለፍ አያውቅበትም። የደከመውን ሰው ሻንጣ ይሸከማል፣ የራሱን ውሃ ያጠጣል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ በወጣ ቁጥር እናቱ ትጮህበታለች፤ «አንተ ለራስህ ሰው አይደለህም?» ትለዋለች። ጫማው ከስር ባለቀ ጊዜ ከተማ ወስዳ ጫማ ሰፊ ዘንድ የመኪና ጎማ አስመታችለት። ያ የጎማ ጥርስ አሸዋው ላይ ሲታተም ዓይነ ስውር እንኳን በእጁ ዳስሶ ይለየዋል። «አሁንማ እግርህንም ማየት አያስፈልገኝ» ብላ ስቃ ነበር። ቀልድ መስሏት ነው።

ችግሩ የመጣው ከከተማ ነው። አንድ አስጎብኚ ድርጅት ሥራ ሰጠው።

«እማ፣ ሥራው ጥሩ ነው» አላት። «ቤት ኪራይ ይከፍሉልኛል። በወር በወር እየመጣሁ አይሻለሁ።»

«በወር በወር! እንደ ጨረቃ?»

«ቤት ስይዝ ደግሞ አንቺም ትመጫለሽ።»

«እኔ አስፋልት ላይ ምን አነባለሁ?»

እየሳቀ ሊያቅፋት ሲል ገፋችው። ለወትሮው ወሬ የማይደክማቸው እናትና ልጅ በዚያ ሰሞን ሆድና ጀርባ ሆኑ። አንድ ክፍል ውስጥ እያደሩ እንደ ጎረቤት ሰላም ተባባሉ። እውነቱን እንናገር ከተባለ ልጁ ምንም አላጠፋም። እሷም ክፉ ሆና አልነበረም፤ ፈርታ ነው። ባሏን መሬት በላው፣ አባቷንም እንዲሁ፤ ከዚህ ልጅ ሌላ ማን ነበራት? ፍርሃቷን ግን በፍርሃት ቋንቋ መናገር አቃታትና በቁጣ ተናገረችው።

የመጨረሻው ዕለት ማለዳ ደፍ ላይ ተቀምጦ የጫማውን ክር ያስር ነበር። ባልና ሚስት ጎብኚዎችን ይዞ ሊገባ ነው። ሻንጣው በሩ ጀርባ ተሰቅሏል።

«ዛሬ ማታ ሰዎቹን ካስወጣሁ በኋላ በእነሱ መኪና ነው የምሄደው» አላት። «ክላክስ ሲነፋ ወጥተሽ ተሰናበቺኝ፣ እሺ እማ?»

«ሂድ!» አለችው። «ሂድ፤ ያ እግርህ ተመልሶ ደጄን እንዳይረግጥ!»

ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። እሷም ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ደነገጠች፤ ግን አልመለሰችውም። ልጁ ቀና ብሎ አያት፣ ክሩን አጥብቆ ተነሳ። ጀርባዋን ሰጥታው ስለነበር በዚያ ሰዓት ፊቱ ምን ይመስል እንደነበረ እስከ ዛሬ አታውቅም።

ጎብኚዎቹ አርባ ዓመት የማይሞላው ባለ ባርኔጣ ሰውዬና ቀጭን ሚስቱ ነበሩ። የሰውየው ጫማ አዲስ ነው፤ ያንጸባርቃል፤ ሶሉ ግን በማስቲሽ ብቻ የተያያዘ ነበር። የዚህ አሸዋ ግለት ማስቲሽ ያቀልጣል። ሌላ ቀን ቢሆን፣ «ልጄ፣ ይሄ ጫማ ለሰርግ ነው፤ ሌላ የለህም?» ትለው ነበር። ያን ዕለት አፏን ከፍታ የምታወራበት ሞራል አልነበራትም። ቲኬታቸውን ቀደደች፣ አሳለፈቻቸው።

ሲመሻሽ መኪናው ሲነሳ ሰማች። እሷ ክፍሏ ውስጥ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች፤ በሩን ዘግታለች። ክላክስ ተነፋ። አንዴ ረዘም አድርጎ፣ ከዚያ ደጋግሞ፣ ከዚያ በማያቋርጥ ጩኸት። «ይንፋ» አለች ለራሷ። «ይንፋ! እናትን ትቶ የሚሄድ በክላክስ ይሰናበታል?» እንባዋ ይወርዳል፣ እጇ የአልጋውን ጠርዝ ጨብጧል፤ ብትነሳ እንደምትለምነው ታውቃለች፤ ላለመለመን ስትል አልተነሳችም። ክላክሱ ቆመ። ሞተሩ ራቀ።

ያኔ ወጣች። የመኪና ማቆሚያው ባዶ ነው፤ የቆመ መኪና አንድም የለም። ወደ ጠባቡ መንገድ ሄደች። አሸዋው ላይ የልጇ የጎማ ጥርስ ከበረሃው ወጥቶ፣ በሩን አልፎ፣ መኪናው ቆሞ የነበረበት ድረስ ሄዷል። አጠገቡ የሴት እግር እየተጎተተ ተዝረክርኳል። ሌላ ምንም አላየችም። የፈለገችውን አገኘች፤ ሌላ አልፈለገችም።

እዚያ አሸዋ ላይ ግን ሁሉም ነገር ነበረ። ሦስት ሰው ገብቶ ሁለት ሰው መውጣቱ ነበረ። ሴትየዋ በሰው ተደግፋ መምጣቷ ነበረ። ከሁሉም በላይ፣ የጎማው ጥርስ ግራና ቀኙን ቀጥ አድርጎ ይራመድ ነበር፤ አንዲት እርምጃ እንኳን ወደ ጎን አልሸሸም። ለአንድ ጀማሪ ጥበቃ ይህን ብታሳየው ይሄ የሸፋፋው እግር አይደለም ይላት ነበር። ዕድሜ ልኳን ጫማ አትዩ ስትል የኖረች ሴት በዚያች ምሽት ጫማ አይታ ተመለሰች።

ጎማውን ጎትታ አሸዋውን ደለደለችው። መብራቱን አጠፋችው።

በማግስቱ ስትነሳ ሻንጣው በሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ነው። የሚሄድ ሰው ልብሱን ትቶ ይሄዳል? ቆማ አየችውና ወዲያው መልስ አገኘችለት፤ ሆን ብሎ ነው፣ ሊወስድ ሲመጣ እግሩ ላይ እንድወድቅለት ነው። ኩራት ለጥያቄ ሁሉ መልስ አያጣም። የጥበቃው አለቃ ረፋዱ ላይ ውሃ ሊጠጣ ብቅ ሲል፣ «ሸፋፋው የት አለ?» አላት።

«ከተማ ገባ።»

«እኔን ሳይሰናበት?»

«እናቱንስ መች ተሰናበተ።»

«አየሽው ሲወጣ?»

«ዱካውን አየሁት» አለች። አለቃው ውሃውን ጠጥቶ ወጣ። እማማ አሸዋ ዱካ አየሁ ካለች ነገሩ አበቃ፤ በዚያ በር ላይ እንኳን እሱ፣ ዳኛም ቢመጣ ሌላ ምስክር አይጠይቅ። ሰው የሚታመንበት ነገር አንዳንዴ የሚያጠፋው ነው።

ያን ቀን ማንም ጎብኚ አልመጣም፤ ሙቀቱ የሚያዘልል ነበር። ከሰዓት በኋላ ስልክ ወደሚይዝበት ጉብታ ወጣች። «ደርሰሃል ወይ ብቻ ነው የምለው፤ ሌላ አልናገርም» ብላ ከራሷ ጋር ተስማምታ ደወለች። ስልኩ ዝግ ነው። እንደገና ደወለች። ዝግ ነው። ስትወርድ ደጋግማ ስልኩን አየች፤ ላሳሰባት ነገር ግን ስም አልሰጠችውም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚባለውን ስለምታውቅ ፍርሃቷን በስሙ መጥራት ፈራች።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ያ መኪና መጣ። ከሩቅ ለየችው። «መጣ!» አለች፤ ልጇ ሻንጣውን ሊወስድ የመጣ መስሏት ነው። ደስታዋ እንዳይታወቅባት ፊቷን ወደ ፍሪጁ አዙራ፣ ያልተዝረከረከውን ጠርሙስ ማስተካከል ጀመረች። ዛሬ አልጮህበትም፣ ዝም ብዬ አቅፈዋለሁ ብላ ቆርጣለች።

«እማማ፣ እንደምን አደሩ!»

ዞር ስትል ባለ ባርኔጣው ነው፤ ብቻውን። በአንድ እጁ ከረጢት ሙሉ ብርቱካን፣ በሌላው በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ይዟል። ፊቱ በምስጋና ፈክቷል።

«ባለቤቴ ተረፈች እኮ! ሐኪሞቹ ትንሽ ብትቆይ ኖሮ አሉኝ። ልጅዎ የት አለ? ባለውለታዬን ላቅፈው ነው የመጣሁት።»

«ካንተ ጋር አይደል እንዴ የሄደው?»

«ከኔ ጋር?» ሰውየው ፈገግታው ሳይጠፋ ግራ ተጋባ። «ኧረ እሱማ እዚያው ቀረ። አልነገረዎትም? ባለቤቴን ፀሐይ መታት። ይባስ ብሎ ጫማዬ ሶሉ ተገንጥሎ ቀረ። አሸዋው እሳት ነው፤ አንድ እርምጃ አላስኬደኝም። እሱ ጫማውን አወለቀና 'እንካ' አለኝ። ውሃውንም ሰጠን፤ መሽቶባችሁ መንገድ እንዳትስቱ ብሎ የእጅ ባትሪውንም ሰጠን። 'ሚስትህን ይዘህ ድረስ። እኔ አለቱ ጥላ ውስጥ ቆይቼ፣ አሸዋው ሲበርድ እመጣለሁ' አለኝ። እምቢ ብዬው ነበር እኮ፣ እማማ! 'አታስብ' አለኝ። 'እናቴ በሩ ላይ ናት። እኔ ሳልወጣ መብራት አታጠፋም።'»

ሰውየው ላስቲኩን ፈታ። ጫማው ታጥቦ፣ ክሩ ተቋጥሮ፣ የጎማ ጥርሱ ወደ ላይ ዞሮ ተቀምጧል።

«እዚህ ስደርስ ክላክስ ነፋሁ፤ ነፋሁ፤ ሰው አጣሁ» አለ ሰውየው፣ አሁን ድምፁ እየሳሳ። «ትንፋሿ እየተቆራረጠ ነበር… ልጅዎ… እማማ፣ ልጅዎ መጥቷል አይደል?»

ጩኸቷን የጥበቃው አለቃ ከማዶ ሰምቶ እየሮጠ መጣ። ያን ቀን የተሠራው ሥራ ለዚህ በር ያልተለመደ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በረሃው ውስጥ መኪና ገባ። እሷን በሩ ላይ አስቀሯት። ባለ ባርኔጣው ብርቱካኑን የት እንደሚያኖረው ጠፍቶት አቅፎ ቆሞ ነበር። ልጇን ከተረተሮቹ ወዲያ፣ ማንም በማይሄድበት በኩል፣ በደረቀ ወንዝ ውስጥ አገኙት። ሸፍነው አመጡት። ፊቱን እንድታይ አልፈቀዱላትም፤ እግሩን ግን ገልጣ አየች። በሸሚዝ ቅዳጅ ተጠቅልሎ ነበር። ግራው፣ ሞቶም እንኳን፣ ወደ ውጭ ዞሮ ተኝቷል።

ተቀበረ። ሰው መጣ፣ አለቀሰ፣ ተበተነ። «የተጻፈው ነው» አሏት። «ደግነቱ ነው የገደለው» አሏት። የጥበቃው አለቃ ደግሞ በየቀኑ እየመጣ አንድ ውሸት ይነግራት ነበር።

«አልተሰቃየም፣ እህቴ። ከዚያው ከጥላው አልራቀም። ፀሐይ መታው፣ ተኛ፣ በቃ።»

«ውሰደኝና ልየው።»

«ምኑን?»

«ዱካውን።»

«ይቅርብሽ» ይላታል። እሱ አይቶታልና። በሆዱ ነፋስ በተነሳ እያለ ይጸልያል፤ ይህን የጸለየ የበረሃ ጥበቃ ከእሱ ሌላ ያለ አይመስለኝም። ነፋሱ ግን በየሰሞኑ ድንኳን ሲነቅል እንዳልኖረ፣ ያን ጊዜ ቅጠል አላንቀሳቅስ አለ። በመጨረሻ ብቻዋን ልትገባ ተነሳች። አለቃው ይህን ሲያይ ጠርሙሱን ሞልቶ ተከተላት።

ከአለቱ ጥላ ጀመረች። ጎንበስ ብላ፣ እጇን ከኋላዋ አጣምራ፣ እንደ ሥራዋ አየች። እዚህ ተቀምጧል። እዚህ ጀርባውን አስደግፎ ጥላው በዞረ ቁጥር አብሮ ዞሯል። እዚህ ሸሚዙን ቀዷል፤ ክሮቹ አሉ። የሰውየውን የተገነጠለ ጫማ በቅዳጁ ከእግሩ ጋር አስሯል። ሲበርድ ተነስቷል። ቀኙ ቀጥ፣ ግራው ወደ ጎን።

«እግሩ ነው» አለች። ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች፤ ግን እየሄደች ነው።

ያን ምሽት ሰማዩ ደመና ለብሶ ስለነበር ኮከብ አልነበረም። ቢሆንም ልጁ አልሳተም። ዱካው እንደ ቀን መንገደኛ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አንድ ቦታ ወድቋል፤ የእጁ መዳፍ አሸዋው ላይ አለ፤ ተነስቷል። ጫማው ተፈትቶ ቀርቷል፤ ከዚያ በኋላ የጨርቅ ዱካ ነው። የመጀመሪያው ተረተር ላይ አልወጣም፤ ዞሮታል። ሁለተኛውንም ዞሮታል። እናቱ ፈጠን ፈጠን ማለት ጀመረች። አለቃው ከኋላዋ፣ «እህቴ፣ በቃ፣ እንመለስ» ይላል። አትሰማውም።

ዱካው ወደ በሩ የሚቀርበው ተረተር ላይ ወጣ። ተከትላው ወጣች። ጫፉ ላይ ሁለት እግሮች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ጣቶቻቸው ወደ በሩ ዞረዋል፤ ተረከዛቸው ጠልቋል። ብዙ ቆሟል። ከዚያ ተቀምጧል። ጠብቋል። ደግሞ ተነስቷል፤ እንዲያውም ጥቂት እርምጃ ወደ በሩ ወርዶ ነበር። ከዚያ ቆመ። ከዚያ ዞረ። ዱካው በመጣበት ወገን ወርዶ፣ ሌላ ተረተር ፍለጋ፣ ወደዚያ ወደ ደረቁ ወንዝ ሄደ። ለጎብኚ ሁሉ ሲያስተምረው የኖረውን ነው ያደረገው።

እማማ አሸዋ ዱካው ላይ ሳትረግጥ፣ አጠገቡ ቆመች። ፊቷን እሱ ወዳዞረበት አዞረች። ከታች የቲኬት ቤቱ ቆርቆሮ ይታያል፤ ከጎኑ የብረት ምሰሶው እንደ ክብሪት እንጨት ቀጥኖ ቆሟል።

«አለቃ» አለችው። «ከዚህ መብራቴ ይታያል?»

ሰውየው ስንት ቀን ሲዋሻት ከረመ። እዚያች ቦታ ላይ ግን መዋሸት አልቻለም።

«ሲበራ ይታያል» አላት።